ሁለተኛው ሞተር በመጀመሪያው በሽታ እንዳይሞት

በአዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ሞተር ዓመት ሳይሞላው ሲያርፍ የሚረገመው ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው። የደከመ ሞተር አጥቦና አሳምሮ የሚሸጥ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ከዱባይ ወይም ከሻርጃ በደህና የመጣ ሞተር እዚህ ከተገጠመ በኋላ ቶሎ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በመኪናው ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን ሞተር ያቃጠለው የተደፈነ ራዲያተር፣ አቧራ የሚያሾልከው የአየር ፊልትሮ ቤት፣ ሁልጊዜ እንዲዞር «ዳይሬክት» የታሰረው ፋን፣ ሁሉም በቦታቸው እንዳሉ ናቸው። አዲሱ ሞተር እነሱ መሃል ይገባል። ስለዚህ ሞተር ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት አሮጌው በምን እንደሞተ ማወቅ አለባችሁ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ልኮች፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ የቶዮታ 1ኤንዜድ ናቸው። 1.5 ሊትር፣ ባለ ሰንሰለት፣ በያሪስም በኮሮላም ብዙ የምናየው ሞተር ነው። አሠራሩ ለሌሎችም ይሆናል፤ ቁጥሩን ግን ከየሞተሩ ማኑዋል ውሰዱ።

አሮጌውን ሞተር ፈትቶ ማየት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጎብጦ ወይም ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) በሲሊንደሮች መካከል ተቃጥሎ ከተገኘ ገዳዩ ሙቀት ነው። ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ በስስ ልኬት ሲታይ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ጎብጧል ማለት ነው። የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ብሮንዚኖች (ዘንጉ የሚያርፍባቸው ስስ ብረቶች) ተቧጥጠው ከሆነ ዘይት አልቆ፣ ቆሽሾ ወይም ከኮፓ (ከታች ካለው የዘይት ቋት) የሚስብበት ወንፊት ተደፍኖ ነበር። የፒስተን ቀለበቶቹ (ፋሻዎቹ) ሳስተው፣ ሲሊንደሩም ከላይ በኩል በጣት የሚዳሰስ ደረጃ ከሠራ የገባው አቧራ ነው። አንድ ፒስተን ብቻ ተበልቶ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ደግሞ የዚያን ሲሊንደር ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨውን ዕቃ) ጠርጥሩ። ይኸኛው በተለይ ልብ ይባል፤ ብዙ ጋራዦች የአሮጌውን ሞተር ኢንጀክተሮች ሳይመረምሩ ወደ አዲሱ ያዛውራሉ፣ በሽታውም አብሮ ይዛወራል።

ሙቀት፦ ከፍታው የሚጨምረው ችግር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ፋኑ የሚነሳው ደግሞ ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የራዲያተር ክዳን ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባችኋል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ንጹሕ ውሃ የተሞላ ራዲያተር ፋኑ ሳይነሳ መፍላት ይጀምራል። ግፊቱን የያዘ ክዳን ግን (ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ ይጻፍበታል) የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ሞተር በተቀየረ ቁጥር ክዳኑም ይቀየር፤ አሮጌው ላይ የነበረው ቁጥር የሚታመን ከሆነ በዚያው ቁጥር፣ ካልሆነ በማኑዋሉ።

ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል ሌላው ሥር የሰደደ ልማድ ነው። «አገሩ ሞቃት ነው፣ ውሃው እንደ ልቡ ይዙር» ይባላል። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ1ኤንዜድና በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃውን ወደ ራዲያተር ከመልቀቁ ጋር፣ ከራዲያተር ውጭ የሚያዞረውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆንና የተወሰነው ትኩስ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ዳገት ላይ ሙቀቱ የሚጨምረው ለዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያበዛል፣ የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ኮፓ ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፋሻው ይበላል። የ1ኤንዜድ ቴርሞስታት ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መከፈት ይጀምራል። አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ከቴርሞሜትር ጋር አሙቁትና ሲከፈት እዩት፤ አዲስ የተባለ ሁሉ የሚሠራ አይደለም።

ፋኑ በቀጥታ ከቁልፍ ጋር ከታሰረ ፈትታችሁ ወደ ፋብሪካው አሠራር መልሱት። ሁልጊዜ የሚዞር ፋን ቶሎ ያልቃል፤ ያለቀ ቀንም የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም። በፋኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ከለላ ከሌለ ወይም ከተሰበረ ፋኑ የሚስበው ከራዲያተሩ ይልቅ ከጎን ያለውን አየር ነው።

ራዲያተሩን ሞተሩ እንደሞቀ፣ ግን ጠፍቶ፣ ከርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር ፊቱን በሙሉ እዩት። መሃሉ ላይ ወይም ታች በኩል ከአካባቢው በጣም የቀዘቀዘ ቦታ ካለ ተደፍኗል። የድሮዎቹን የመዳብ ራዲያተሮች ከፍቶ በሽቦ መጥረግ ይቻል ነበር። የአሁኖቹ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ስለሆኑ ያ አይሠራባቸውም፤ አሲድ ደግሞ አሉሚኒየሙን ይበላል። የተደፈነ ከሆነ ቀይሩት። የሞተር ዋጋ ከፍሎ ራዲያተር ላይ መቆጠብ ለእኔ ፈጽሞ አይገባኝም።

የቧንቧ ውሃ ይቅር። እዚህ አገር ኩላንት የሚያስፈልገው ለበረዶ አይደለም፤ አሉሚኒየምን ከዝገት የሚከላከሉትን ነገሮች ለማግኘት፣ የውሃ ፓምፑን «ሲል» (ማሸጊያ ጎማ) ለመጠበቅና የመፍያውን ነጥብ ለመጨመር ነው። ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ፤ ለእነዚህ ትናንሽ መኪኖች በጠቅላላው አምስት ሊትር ገደማ ይበቃል። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አትደባልቁ። ቀለሙ አንድ መሆኑ ዓይነቱም አንድ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሲገዛ

ኮምፕረሽን (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚያምቀው ግፊት) ሲለካ ከፍታውን አስቡ። የማኑዋሉ ልክ 213 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ 156፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 15 ነው። ይህ ሁሉ ግን በባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ላይ በ0.8 ገደማ አባዙት፤ ደህና ሞተር 170 አካባቢ ያሳያል፣ ከ125 በታች የወረደውን ተዉት። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ይበልጣል፦ አራቱም 150 ያሳዩበትን ሞተር፣ ሦስቱ 170 አንዱ 135 ካሳየበት እመርጣለሁ። ልኬቱ ዋጋ የሚኖረው አራቱም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው ዕቃ) ወጥቶ፣ የአየር መግቢያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሲሆን ነው። ከመለካቱ በፊት በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት የሚያፈስ ሰው ካያችሁ እንደገና ከደረቁ ይለካ፤ ዘይት የላላ ፋሻን ለጊዜው ያሽገዋል።

የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ በባትሪ መብራት እዩ። ቀላል ቡናማ ቀለም ደህና ነው፤ ጥቁር ዝቃጭ የተጋገረበትን አትግዙ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት 1ዜድዜድ (ሌላ የቶዮታ ሞተር) ከሆነ የምትገዙት፣ የፒስተኖቹ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ዘይት መብላት የታወቀ ጠባዩ ነው፤ በኋላ በተሻሻለ ፒስተን የተሠራውን ፈልጉ። ሞተሩ ከመኪናችሁ ጋር መግጠሙንም አረጋግጡ። አንዳንዱ 1ኤንዜድ የአየር መግቢያው በሽቦ የሚሳብ፣ አንዳንዱ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ነው። 1ዜድዜድ ላይ ደግሞ ባለ አንድ ሽቦና ባለ ሁለት ሽቦ የኖክ ሴንሰር (የሞተሩን መንኳኳት የሚለይ ዕቃ) አለ፣ አይለዋወጡም። ደረሰኙንና የጉምሩክ ወረቀቱን ተቀበሉ፤ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ስለሚለይ በኋላ ትጠየቁበታላችሁ።

ሞተሩ ገና መሬት ላይ ሳለ

መሬት ላይ ያለ ሞተር ላይ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ከተገጠመ በኋላ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ማውረድ ይጠይቃል። በቮላኖው (በካምቢዮው በኩል ኮሎው ላይ የታሰረው ከባድ መዘውር) በኩል ያለው የኮሎ ኦይል ሲል ከሁሉ በፊት ይቀየር። የፊተኛው የኮሎ ሲል፣ የቴስታታ ክዳኑ ጓርኒሲዮን፣ የካንዴላ ጉድጓዶች ሲል፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ የውጭ ቺንጋና የውሃ ጎማዎች ይከተላሉ። መኪናው ማንዋል ከሆነ የፍሪሲዮን ዕቃውንም አብራችሁ እዩ። በሰንሰለት ፋንታ ቫልቮቹን ከኮሎው ጋር የሚያስተባብር ቺንጋ (ታይሚንግ ቺንጋ) ያለው ሞተር (ለምሳሌ የቶዮታ 4ኤ) ከሆነ ቺንጋው ምን ያህል እንደሄደ የሚያውቅ ስለሌለ ከነመወጠሪያው ይቀየር፤ የአንድ ቺንጋ ዕድሜ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮቹ 2ኤልና 3ኤል ላይ ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ድርድር የለም።

ኮፓውን አውርዳችሁ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት እጠቡ። ተመልሶ ሲገጠም ሲልኮኑ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ መስመር ብቻ ይሁን፣ በየብሎኑ ቀዳዳ ከውስጥ በኩል ይዙር። ከተቀባ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይገጠም፤ ዘይት ለመሙላት ደግሞ ቢያንስ 2 ሰዓት ጠብቁ። በጣት እየተጠቀጠቀ የሚቀባው ሲልኮን ከውጭ የሚተርፈውን ያህል ከውስጥም ይተርፋል። ያ ትርፍ ተቆርጦ ወንፊቱ ላይ ይቀመጥና ሞተሩ ዘይት ይጠማል። ብሮንዚን የሚጨርሰው ይህ ነው፤ ተጠያቂ የሚደረገው ግን ዘይቱ ወይም ሻጩ ነው።

የቪቪቲ-አይ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው ዘዴ) ዘይት ተቆጣጣሪው ቫልቭ አጠገብ በብሎን የተዘጋች ትንሽ ወንፊት አለች። አውጥታችሁ አጽዷት። የቫልቭ ክፍተቱንም አሁኑኑ ለኩ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ መግቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ መውጫው ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር። የፒሲቪ ቫልቩን (በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ የሚያስወጣውን) አራግፉት፤ ካልተንኳኳ ተደፍኗልና ቀይሩት። ርካሽ ነው፣ ሲደፈን ግን በሞተሩ ውስጥ የታፈነው ግፊት አሁን የገጠማችሁትን ሲል ሁሉ ገፍቶ ዘይት ያፈሳል።

ሲገጠም ሦስት ነገር በዓይናችሁ እዩ። አንደኛ፣ ሞተርና ካምቢዮ ሲገናኙ ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ የሚያደርጉት ሁለት ክብ ማስተካከያ ቀለበቶች በቦታቸው ይኑሩ። ብዙ ጊዜ አሮጌው ሞተር ላይ ተረስተው ይቀራሉ፤ ያለ እነሱ የተገጠመ ካምቢዮ ትንሽ ስለሚዛነፍ ሲሉንና ፍሪሲዮኑን ይበላል። ሁለተኛ፣ ኦቶማቲክ ከሆነ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) እስከ መጨረሻው መግባቱ። ሁለቱ አካላት ተጋጥመው ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ኮንቨርተሩ በእጅ በነፃነት መዞር አለበት፤ ካልዞረና በብሎን ከተሳበ የካምቢዮው ፓምፕ ይሰበራል። ሦስተኛ፣ የማሳ ሽቦው። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ከተረሳ የሞተሪኖው (የማስነሻው) ኃይለኛ ኤሌክትሪክ በሚያገኘው ቀጭን መንገድ ሁሉ ያልፋል፣ ሴንሰሮችም የተሳሳተ ያነብባሉ።

የአየር ፊልትሮ ቤቱን አትርሱ። ክዳኑን የሚይዙት ክሊፖች ሁሉም ይሥሩ፣ ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው ጎማ ሽንሽኑ ተዘርግቶ ይታይ፤ ስንጥቁ የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነው። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ አዙሩበት። አቧራ ካነሳ አየሩ ሳይጣራ ይገባ ነበር ማለት ነው። አሮጌው ሞተር በአቧራ ከሞተ መልሱ ከዚህ አያልፍም።

የመጀመሪያው መነሳት

ዘይቱን ሙሉ፤ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ነው። ፊልትሮው ላስቲኩ ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ብቻ ይጥበቅ። ካንዴላዎቹ እንደወጡ በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ንጹሕ ዘይት ጨምሩ፣ ኮሎውን በ19 ቡሶላ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ከበደ ብሎ የሚቆም ከሆነ አታስገድዱት፤ ምክንያቱን ፈልጉ። ከዚያ የኢንጀክሽኑን ፊውዝ አውጥታችሁ በሞተሪኖ 10 ሰከንድ እያዞራችሁ፣ መካከሉ ላይ እያሳረፋችሁ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድገሙት። ወራት በመጋዘንና በኮንቴይነር የቆየ ሞተር ብሮንዚኑ ደርቋል። ይህን ሳያደርጉ አስነስቶ ጋዝ መርገጥ ከመጀመሪያው ደቂቃ ያቆስለዋል። መብራቱ ሲጠፋ ካንዴላዎቹን በ1.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ በ18 ኒውተን ሜትር ጥበቅ ግጠሙ።

አየር ለማስወጣት የመኪናውን አፍንጫ ዳገት ላይ አድርጋችሁ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ፣ የውስጡን ማሞቂያ ሙሉ ሞቃት ላይ አስቀምጡ። ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነስቶ ይሙቅ፤ ውሃው ሲወርድ እየሞላችሁ የታችኛውን ጎማ ጨምቁ። ውሃው ደረጃውን ይዞ ሲቆይ ክዳኑን ግጠሙና ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ ጠብቁ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ እንደገና እዩ፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል።

ያገለገለ ሞተር እንደ አዲስ «መግራት» አያስፈልገውም፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ሳታስጨንቁት ሂዱ። ፋሻው ተቀይሮ የታደሰ ሞተር ግን ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ ባዶውን አቁሞ ማሞቅ ይጎዳዋል፣ ምክንያቱም ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው መካከለኛ ጭነት ሲኖርበት ነው። ፍጥነቱን እየለዋወጣችሁ፣ ጋዙን እየሰጣችሁና እየለቀቃችሁ ንዱት።

ዘይትና አነዳድ

የመጀመሪያው ዘይት በ500 ኪሎ ሜትር ይቀየር፣ ፊልትሮውም ተቆርጦ ወረቀቱ ይታይ። ደቃቅ ጥቁር ነገር ይጠበቃል፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ካለ ሞተሩን አቁሙና ኮፓውን አውርዱ። ቀጣዩ በ2,500፣ ከዚያ በየ5,000።

1ኤንዜድ የተሠራው 5ደብሊው-30 ለሚባለው የዘይት ውፍረት ነው። «ያረጀ ሞተር ወፍራም ይወዳል» ተብሎ 20ደብሊው-50 ወይም ባዶ 40 ይሞላበታል። ጠዋት በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ወፍራም ዘይት ወደ ቴስታታው ለመውጣት ይዘገያል። ሰንሰለቱን የሚወጥረው ዕቃና ቪቪቲ-አይው ደግሞ የሚሠሩት በዘይት ግፊት ነው፤ ሲነሳ የሚሰማው መንኳኳት ከዚያ ይመጣል። ቆላ የሚውል መኪና ከሆነ 10ደብሊው-40 አይከፋም፣ ከዚያ በላይ አትውጡ። ጣሳው ላይ ኤፒአይ ኤስኤን ወይም ኤስፒ የሚል የጥራት ደረጃ ይኑርበት።

ኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር ከተማ ውስጥ ያታልላል። በመገናኛና በሜክሲኮ መንገድ መዘጋት አንድ ሰዓት የቆመ ሞተር ዘይቱን ያረጀው 40 ኪሎ ሜትር የሄደ ያህል ነው ብላችሁ ቁጠሩ። ቀኑን ሙሉ ለሥራ የሚውል መኪና በ4,000 ቢቀየር ይሻላል።

ከፍታው ከሞተሩ ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚወስድ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ጋዝ ረግጦ ማስጨነቅ ፒስተኑን ያንኳኳል። ማርሽ ቀንሱ፤ 3,000 ዙር ላይ ያለ ጭንቀት የሚወጣ ሞተር 1,500 ላይ ከሚንቀጠቀጠው ያነሰ ይጎዳል። የዓባይ በረሃን ከወንዙ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጡ የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፉ፤ አናት ላይ ስትደርሱም ወዲያው ቁልፉን አትንቀሉ። ሁለት ደቂቃ ባዶውን ይዙር። ፓምፑ ድንገት ሲቆም በቴስታታው ውስጥ የታመቀው ሙቀት የሚወስደው ያጣል።

የሙቀት መርፌን አትመኑ። የቶዮታ መርፌ ሙቀቱ ከመደበኛው በላይ ብዙ እስኪያልፍ ድረስ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ብዙ ቪትዝና ያሪስ ላይ ጭራሽ መርፌ የለም፣ መብራት ብቻ። ውሃው ሙሉ በሙሉ ካለቀ ደግሞ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ስለሚቀር ምንም ላያሳይ ይችላል። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ስልክ ላይ ቁጥሩን የሚያሳይ ትንሽ ስካነር ግዙ። በመደበኛ ጉዞ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ይዋልላል። 100 ካለፈ ምክንያቱን ፈልጉ። 105 ከደረሰ ዳር ይዛችሁ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቱ፤ ካልወረደ ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አትንኩ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ቀዝቅዞ ስትሞሉ የገባውን ውሃ ልክ ያዙ። ጎማ ወይም ራዲያተር ሳያፈስ ውሃ እያጎደለ ከሄደ ራዲያተሩ ውስጥ የተቃጠለ ጋዝ መኖሩን በቀለም በሚለየው ፈሳሽ አስመርምሩ፤ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ከተለወጠ ጓርኒሲዮኑ አልፏል፣ ቴስታታው ሳይጎብጥ መኪናውን አቁሙት።